ከሞጣ የመጣው ፋስ

ባንቺዓለም ላይ ጥቅምት የገባባት በሞረድ ድምፅ ነው። ገና ፊቷን ሳትታጠብ ክርርር፤ ጌሾዋን ሸጣ ከገበያ ስትመለስ ክርርር፤ እህል ቀርቦ እጅ ሊታጠቡ ሲነሱ እንኳ የልጇ ባል ሰማው ያንን ዝገት ከጉልበቱ ላይ አያወርደውም። ቢቸና ውስጥ ብረት የሚሞርድ ሌላ ሰው የለም ማለት አይደለም። ሌላው ግን በገዛ ቤቱ ይሞርዳል። የእሷ አማች የሚሞርደው በእሷ ግቢ፣ በእሷ በር፣ በእሷ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው።

ዝገቱ የመጣው ከሞጣ ነው። ሰማው ለአባቱ ሙት ዓመት አገሩ ሄዶ ነበር። ሌላ አማች ከሞጣ ሲመለስ ማር ይይዛል፤ ማር ቢያጣ ወሬ ይይዛል። እሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ የፋስ ራስ ይዞ መጣ። ዛቢያ የለውም፤ የድሮው ዛቢያ ስባሪ ቀዳዳው ውስጥ በስብሶ ቀርቷል። አፉ ሦስት ቦታ ተሸርፏል። ጀርባው መዶሻ ሆኖ ሲያገለግል ኖሮ ተጨፍልቋል። ዝገቱ በጥፍር ሲነኩት እየተፈረፈረ ይወድቃል፤ የወደቀውም ባንቺዓለም የዚያኑ ቀን በለቀለቀችው መደብ ላይ ነው።

«አብዱልዋሂድ ነው የሸጠልኝ» አለ ሰማው ፊቱ በርቶ። «የጥንት ብረት ነው እማማ። ዛሬ እንዲህ ያለ አይሠራም ብሎ ምሎልኛል።»

«እና ሻጭ ምን ይበልህ? ወስደህ ገደል ክተተው ይበልህ?»

«እሺ እማማ» አለ ሰማው።

ይኸ «እሺ እማማ» ነው ባንቺዓለምን የሚያሳብዳት። አብዱልዋሂድ ሞጣ ገበያ ዳር አሮጌ ብረት ዘርግቶ የሚሸጥ ሽማግሌ ነው፤ ደህና ሰው ይሆናል፤ ከእሱ ጋር ጠብ የላትም። ጠቧ ከዚህ ልጅ ጋር ነው። ብትቆጣው እሺ፣ ብትሰድበው እሺ፣ ብትመርቀውም እሺ። አማትና አማች ተከባብረው መኖራቸው ያባት የናት ነው፤ ግን መከባበርም ልክ አለው። ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ «ኧረ ይተዉኝ» አይልም?

ፋሱ ለምን እንዳስፈለገው ታውቃለች፤ እሱን አልካደችም። አናጢው አያ ወልደ ሰንበት ለአንድ እህል ነጋዴ ባለ ስምንት ክፍል ቤት ሊያቆም ተዋውሏል፤ ሥራው ሰኞ ይጀመርና እስከ ጥር ይዘልቃል። ሰማውን እወስደዋለሁ ብሏል። ታዲያ አያ ወልደ ሰንበት አንድ ሕግ አለው፤ በእሱ ሥራ ላይ መሣሪያ መዋዋስ የለም። የራሱን ፋስ ያልያዘ ሰው ከደጅ ይመለሳል። ከሱቅ ስሱንና ርካሹን ገዝቶ የመጣውንም «ይኸ ማንኪያ ነው፣ ሂድና ሾርባ ጠጣበት» ብሎ ይመልሰዋል። ደህናው አዲስ ፋስ ላይ ደግሞ የሰማው አቅም አይደርስም። ስለዚህ ወይ ይኸ ዝገት ፋስ ይሆናል፣ ወይ ሰማው እንደ ሌሎቹ የሰፈር ጎረምሶች ሑመራ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል።

ሑመራ የሚለው ስም ባንቺዓለም ቤት አይነሳም። የወይንእሸት አባት ሰሊጥ አጭጄ እመለሳለሁ ብሎ አንድ ክፉ ቃል ሳይናገር ሲወጣ ወይንእሸት ገና በሆዷ ነበረች። ዛሬ ወይንእሸት የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ሆና ራሷ የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ አባቷ ግን በወባ ይሙት በሌላ፣ መቃብሩን አየሁ የሚል ሰው እንኳ አልተገኘም። ልጅን ያለ አባት ማሳደግ ምን ማለት እንደሆነ ባንቺዓለም ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ልጇ እንድታውቀው አትፈልግም። ስለዚህ ያ ፋስ እንዲድን ከሰማው ባልተናነሰ ትመኝ ነበር። መመኘት ግን ከመናደድ አያግድም።

መናደድስ ቢያንሳት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰማው ዝገቱ ይለቅ ብሎ ፋሱን አተላ ውስጥ ዘፈዘፈው። አተላው ለጎረቤቷ ለውበቴ ላም የተቀመጠ ነበር። ውበቴ ባልዲዋን ይዛ መጥታ እጇን ስትሰድድ ብረት አገኘች፤ እንግዲህ ላሟ ወተት ከቀነሰች ጥፋቱ የማን እንደሚሆን የታወቀ ነው። በሁለተኛው ቀን ፋሱን ከአተላው አውጥቶ በሸክላ ስባሪና በአሸዋ ፈተገው፤ ግቢው በሙሉ ቀላ። ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን የበሰበሰ እንጨት በምስማር እየወጋ፣ እየፈለፈለ አወጣው፤ ምስማሩም የባንቺዓለም የነጠላ መስቀያ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞረድ ተውሶ የተጨፈለቀውን ጀርባና የተሸረፈውን አፍ ያስተካክል ጀመር። በአራተኛው ቀን ባንቺዓለም ሽሮ ልትፈጭ የወፍጮዋን መጅ ብታነሳ፣ መጁ ጠቁሮ፣ በዘይት ወዝቶ፣ መካከሉ ሰርጎድ ብሎ አገኘችው።

«መጄን!» አለች። «የእናቴን መጅ! ፋስ ሳልክበት?»

«ለስላሳ ድንጋይ ስላጣሁ ነው እማማ። አጥበዋለሁ።»

«ሽሮዬ ብረት ብረት ሊል ነው እኮ!»

«እሺ እማማ።»

ወይንእሸት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «እማዬ፣ ጤና ጣቢያስ ብረት ያለበት ብዪ ይሉኝ የለ?»

የዚያኑ ቀን ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሰማው ፋሱን በኑግ ዘይት አሽቶ፣ በጨርቅ ወልውሎ ለሚስቱ አቀረበው። ዝገቱ ሄዷል። አፉ ነጭ ሆኖ ብርሃን ይመልሳል። ከጎኑ ላይ ደግሞ ዝገቱ ሸፍኗት የኖረች ትንሽ የኮከብ ማኅተም ወጥታለች። ሰማው የክንዱን ፀጉር በፋሱ አፍ ላጭቶ አሳየ። ባንቺዓለም ጓዳ በር ላይ ቆማ አየች። ያማረ ነገር መሆኑን ልቧ ነግሯታል፤ አፏ ግን «ፀጉሩ ወጥ ውስጥ እንዳይገባ» አለ።

ዓርብ ጠዋት ሰማው ለዛቢያ የሚሆን ወይራ ፍለጋ ወደ ገጠር ወጣ። ገና ብዙ ሳይርቅ ውበቴ ገባች። ውበቴ ስትገባ አትቀመጥም፤ ቆማ ቤቱን በዓይኗ ትፈትሻለች፤ ከዚያ ነው የምትቀመጠው።

«ያ ብረት የታለ?» አለች።

«ያውልሽ፣ ልጅቷ ራስጌ። ምነው፣ ላምሽ ላከችሽ?»

ውበቴ አልሳቀችም። «ከማን ቤት እንደ ወጣ ጠይቀሻል?»

«ከሞጣ ነው።»

«ሞጣ ከተማ ነው፣ ቤት አይደለም። የማን እጅ ይዞት እንደኖረ ታውቂያለሽ ወይ ነው የምልሽ። ክፉ ዓይን ካለበት ቤት ወጥቶ እንደሆነስ? ይኸን እርጉዝ ራስጌ! አምናም እንዲሁ ችላ ብላችሁ ነው» አለችና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ የሚያዘው ግን ከመናገሩ በፊት ነበር።

አምና የወይንእሸት የመጀመሪያ ፅንስ በአምስት ወሩ ወርዷል። ውበቴ ይኸን ባታነሳ ኖሮ ባንቺዓለም ለሌላው ሁሉ መልስ አታጣም ነበር። አሁን ግን ፋሱን ከልጇ ራስጌ አነሳችው።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልጣለው?»

«ለምን ትጥዪዋለሽ! ለእሳት አሳዪው። እሳት ካየው ክፉው ሁሉ ይለቀዋል።»

ውበቴ ስትወጣ ባንቺዓለም ተሳደበች፤ ሰደበችና ወደ ምድጃው ሄደች። ብረት በእሳት ተሠርቶ እሳት ምን ያደርገዋል ብላ አሰበች። ወይንእሸት ተኝታለች። ፋሱን ከጨርቁ ፈትታ ፍሙ ውስጥ ቀበረችው፤ ግንድ ጨመረችበት፤ ቀልቶ እስኪታይ ጠበቀች፤ በስመ አብ ብላ ሦስት ጊዜ አማተበችበት። ከዚያ እዚያው አመዱ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተወችው። ከሰዓት በኋላ ስታወጣው ጠቁሯል። እሷም እንደ አማቿ በኑግ ዘይት አሽታ፣ በጨርቅ ወልውላ ከቦታው መለሰችው። ትንሽ መልኩን ለወጠ እንጂ ምንም አልሆነም አለች፤ ቀለል አላትና ለራት ጎመን ቀነጠሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማው የወይራውን ዛቢያ ጠርቦ፣ አስገብቶ፣ በሽብልቅ አጠበቀው። የብረቱን መጥቆር አይቶ ዘይቱ ነው ብሎ ይሆናል፣ ምንም አልጠየቀም። ግቢው ጥግ ወደተጋደመው የባሕር ዛፍ ግንድ ሄደና ሁለት ጊዜ መታ። በሦስተኛው እጁን መልሶ የፋሱን አፍ አየ። አፉ እንደ ሊጥ ወደ ጎን ታጥፏል።

ሞረዱን አነሳና አፉን አንድ ጊዜ ሳብ አደረገው። ሞረዱ ያለ ምንም ድምፅ ገባበት። ሰማው ቀና ብሎ በተከፈተው በር በኩል ምድጃውን አየ፤ ከዚያ ባንቺዓለምን አየ።

«ለደግ ነው» አለች። «ለእሳት አሳየሁት፣ ለልጅቷ ብዬ። ብረትን እሳት ምን ያደርገዋል?»

ሰማው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ባንቺዓለም ጠበቀች። እንዲጮህ ጠበቀች፣ ፋሱን አሽቀንጥሮ እንዲወረውረው ጠበቀች።

«እሺ እማማ» አለ። ፋሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እጁን ታጥቦ ወጣ።

እኩለ ቀን ገደማ ተመለሰ። ለሚስቱ ብቻ ነው የነገራት፤ ግን ቤቱ ትንሽ ስለሆነ ጓዳ ያለ ሰው ሁሉን ይሰማል። ለሑመራ ሰው ከሚሰበስበው ደላላ ጋር ተመዝግቧል። አይሱዙው ሰኞ ይነሳል። በአያ ወልደ ሰንበት ደጅ ባዶ እጁን አይቆምም። ወይንእሸት አለቀሰች፤ አልቅሳ ሲወጣላት ደግሞ ጥሩ ነገር አሰበች።

«ቀለሙ ጋ ብትወስደውስ? የአገሩን ማረሻ የሚሠራው እሱ አይደል?»

ሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማማ ቀለሙ የነካውን ብረት እዚህ ቤት ያስገቡታል ብለሽ ነው? ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የነካውን እኮ አቃጥለውታል» አለ። ከዚያ ሥራው ላይ እንደማይመጣ ለአያ ወልደ ሰንበት ሊነግረው ተመልሶ ወጣ።

ባንቺዓለም ጓዳ ውስጥ ሁሉን ሰምታ ተናደደች። በውበቴ ተናደደች። ማንኪያና ፋስ እለያለሁ በሚለው በአያ ወልደ ሰንበት ተናደደች። በራሷ ተናደደች፤ በራሷ መናደድ ደግሞ የሚወረወርበት ሰው ስለሌለ ከሁሉ ይከፋል። ከሁሉም በላይ በዚያ ልጅ ተናደደች። ምነው በሰደበኝ! አለች። ፋሱን ከግድግዳው ነጥቃ በነጠላዋ ሸፈነችና ወጣች።

ቀለሙ ከገበያው በታች፣ መንገዱ ቁልቁል በሚወርድበት ዳር፣ በአራት ቋሚ ላይ ቆርቆሮ ጥሎ የሚሠራ ብረት ሠሪ ነው። በፊቱ «ባለ እጅ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ሌላ ይሉታል። የእናርጅ፣ የእነማይ ገበሬ ሁሉ በእሱ ማረሻ ያርሳል፤ ከእሱ ቤት ግን ማንም እህል አይቀምስም። ባንቺዓለምም ዕድሜዋን ሙሉ ይኸን እንደ ፀሐይ መውጣት ቆጥራው ኖራለች። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ መንገዱ በሰውና በአህያ ተጨናንቋል።

«እንደምን ዋሉ እትዬ ባንቺ» አለ ቀለሙ ቀና ብሎ።

«እግዜር ይመስገን። ይኸን አድንልኝ።»

ቀለሙ ፋሱን አልተቀበላትም፤ ከእጇ ላይ እንዳለ አየው። «ምድጃ ውስጥ የከተተው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አመድ ውስጥ ነው የበረደው?»

«አዎ፣ አመድ ውስጥ። የት ላብርደው ኖሯል?»

«በቃ፣ ጨርሰውታል። እንዲህ ያለ ብረት የሚጠነክረው አፉ ግሎ በአንዴ ውኃ ሲጠጣ ነው። አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ከበረደ ልምሾ ይሆናል። የእኔ ትንሿ ልጅ ታውቀዋለች።»

«እኔ ያንተ ልጅ አይደለሁም። ይድናል አይድንም?»

«ይድናል።»

«እንግዲያ አድነው።»

«አልነካውም» አለ ቀለሙ፤ መዶሻውንም አስቀመጠ።

ባንቺዓለም የሰማችው አልመሰላትም። አገር የሚያልፍበት መንገድ ላይ ቆማ፣ ባለ እጅ ቤት ለምና እምቢ ስትባል! ቀለሙ ግን የሚቆጣ ሰው አይመስልም፤ የሚናገረው ቀስ ብሎ ነው።

«ልጅዎ ስምንት ወሯ ነው፤ ሁሉ ያውቃል። እኔ ዛሬ ይኸን ፋስ ነክቼ፣ እግዜር አያድርገውና ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማን በላት ይባላል? የመጀመሪያዋ ተናጋሪ እርስዎ ነዎት። ወይንእሸት ሕፃን ሳለች በዚህ ሲያልፉ ፊቷን በነጠላ ይሸፍኑብኝ ነበር። ያኔ እኔም ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ አጠገብ ቆሜ አያለሁ።»

እውነት ነው። እውነት መሆኑም አበሳጫት፤ ሰው ውሸት ሲናገርባት መልስ አላት፣ ይኸን ግን ምን ትለዋለች? «ታዲያ ምን ላድርግልህ? ልንበርከክልህ?»

«አይንበርከኩ። ወናፉን ይያዙ።»

«ምን?»

«እርስዎ ያናፉ፣ እኔ እመታለሁ። እዚህ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየዎት። ነገ ቀለሙ በስውር አንድ ነገር አደረገ የሚል ሰው ቢነሳ፣ የእርስዎም እጅ አለበት።»

ባንቺዓለም መንገዱን አየች። ግማሹን ሰው ታውቀዋለች፤ ግማሹ ያውቃታል። ከዚያ ሰኞን አሰበች፣ አይሱዙውን አሰበች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከወናፉ ኋላ ተቀመጠች።

ወናፉ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይጫናል። ለቀለሙ ሚስት ለእፀገነት የልጅ ሥራ ነው፤ ለባንቺዓለም ግን ሁለቱ ቆዳዎች እንደ ጣውንት አልስማማ አሏት። ከሰሉ ፈነዳ፣ ፍንጣሪው ነጠላዋ ላይ አረፈ፣ ጭሱ ዓይኗን አስለቀሳት።

«ቀስ! ቀስ እትዬ ባንቺ! ንዴትዎን ለሰው ያቆዩት፤ እሳቱ ምን አደረገዎት?»

«አንተ ብረትህን ያዝ!»

ቀለሙ ዛቢያውን አውጥቶ የፋሱን አፍ ብቻ ፍሙ ውስጥ ሰካው። ሲግል አውጥቶ የታጠፈውን በመዶሻ አቃና፤ መልሶ ሰካው። መንገደኛው ቆም እያለ ማየት ጀመረ። ከቆሙት መካከል ዘንቢል የያዘች ውበቴ ነበረች። አፏን ከፍታ ቀረች።

«ባንቺ! ምን ነካሽ?»

«ብረት ለእሳት እያሳየሁ ነው!» አለች ባንቺዓለም ሳታቋርጥ። «አንቺ አይደለሽ የመከርሽኝ? ነይ ተቀመጪ፣ ሁለተኛውን ቆዳ ያዢልኝ!»

ውበቴ ገበያው ሊዘጋባት የደረሰ ይመስል ሮጠች። ቀለሙ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ፤ ባንቺዓለም ግን ለመሳቅ ጉሮሮዋ ደርቋል። ውኃ ስጡኝ አለች። ያኔ እፀገነት ደንገጥ ብላ ባሏን አየችው፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ወደ ሻይ ቤቱ ሮጠች።

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ብርጭቆ ልትዋስ» አለ ቀለሙ፤ ዓይኑን ከእሳቱ ሳያነሳ። «እኛ ቤት ውኃ የጠየቀ ሰው የለም። የእንግዳ ብርጭቆ የለንም።»

ባንቺዓለም ይኸን ስትሰማ ምን እንደሆነች አታውቅም። ማዘን ነው ቢሏት ማዘን አይደለም፤ የመጣባት ቁጣ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲከማች የነበረው ሁሉ በዚያች ብርጭቆ ላይ ወረደ። «የጠማኝ ውኃ ነው እኮ፣ ብርጭቆ አይደለም!» አለችና ተነስታ ከእንስራው አጠገብ ያለውን የቤቱን ጣሳ አንስታ ቀዳች። ግማሹን ጠጣች፣ ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። እፀገነት የሰው ብርጭቆ ይዛ ስትመለስ ባንቺዓለም ሁለተኛውን ጣሳ እየቀዳች ነበር። እፀገነት ብርጭቆውን ይዛ ቆመች፤ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

«በሉ ያናፉ፣ ሳይበርድ!» አለ ቀለሙ፤ ድምፁ ግን እንደቅድሙ አልነበረም።

በመጨረሻው ግለት አፉ ብቻ ቀላ። ቀለሙ በጉጠት ይዞ ውኃው ውስጥ ነከረው፤ ውኃው ጮኸ። ወዲያው አውጥቶ በድንጋይ ፈተግ ፈተግ አድርጎ አነጣውና ከፍሙ በላይ በርቀት ያዘው። «አሁን ይመልከቱ» አላት። ከፋሱ ጀርባ በኩል አንድ ቢጫ ቀለም ቀስ እያለ ወደ አፉ ይወርድ ጀመር፤ ወረደ፣ ወረደ፣ አፉ ጋ ሲደርስ ጠጅ መሰለ። ቀለሙ መልሶ ነከረው። «ከዚህ ቢያንስ ይሰበራል፣ ከዚህ ቢያልፍ ይታጠፋል» አለ። ስሎ፣ ዛቢያውን መልሶ፣ የወይራ ጉማጅ ላይ በኃይል መታው። ጉማጁ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የፋሱ አፍ ምንም አልሆነም።

ባንቺዓለም ምን ብላ እንደምታመሰግን ስላላወቀች «ሰኞ ጌሾ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ሄደች።

ግቢዋ በር ላይ ወይንእሸት ሆዷን ደግፋ ቆማለች። «የት ነበርሽ? መኪናው ዛሬ ነው የሚሄደው! ሰኞ ያሉት ቀርቶ አሁን እየጫኑ ነው ብለው ጠሩት። ልብሱን ይዞ ወጣ። እማማን ሰላም በይልኝ ብሏል።»

«ሰላም በይልኝ!» አለች ባንቺዓለም፤ አለችና ዞረች። በዚያ ያለ ባጃጅ በሰው ካልሞላ አይንቀሳቀስም፤ ይኸኛው ግን ጥላሸት የለበሰች፣ ፋስ የያዘች ሴት ስትገባበት ሌላ ሰው አልጠበቀም።

አይሱዙው መናኸሪያው በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ከላይ ሃያ የሚሆኑ ጎረምሶች ጥቅላቸውን አቅፈው ተጨናንቀዋል። ባንቺዓለም ወርዳ በመኪናው ፊት ቆመች። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። አልተነቃነቀችም።

«ኧረ ተው፣ ሴትዮዋ ፋስ ይዛለች!» አለ ከላይ አንዱ።

«የማን ናት?»

«የሰማው አማት! በፋስ መጣችበት!»

መኪናው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰማው በሰው መካከል ተገፍቶ ወረደ፤ ፊቱ ቀልቷል። «ምነው እማማ? ወይንእሸት ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። ያዝ።»

ፋሱን ተቀበላት። አውራ ጣቱን በአፉ ላይ አሳለፈ፤ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ያንን ቢጫ አየ። «ማነው የሠራው?»

«ቀለሙ። እኔ አናፋሁለት። ቤቱም ውኃ ጠጣሁ፤ ሌላ የምትጠይቀው አለ?» ከዚያ የመጣችበትን ነገር ማለት ነበረባት፤ በግድ አወጣችው። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅህ መንካት አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ።»

«እሺ እማ…» አለ ሰማው። አልጨረሰውም። የአንገቱ ደም ሥር ሲነሳ አየችው።

«አይደለም!» አለ። «እሺ አይደለም! አራት ቀን ሙሉ! ጣቶቼን ይዩአቸው፣ ጥፍር ቀርቷቸዋል? አንድ ቃል ቢጠይቁኝ ምን ይጎድልብዎት ነበር? ዱካዬ አሉኝ፣ እሺ። አተላዬ አሉኝ፣ እሺ። መጄ አሉኝ፣ እሺ። በዚያ ቤት የእኔ የምለው አንድ ብረት ነበረኝ፤ እሱንም አመድ ውስጥ ቀበሩብኝ! እርስዎ ግን ምን ዓይነት ሰው ነዎት?»

መኪናው ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። አማቱ ላይ የሚጮህ ሰው እዚያ ያለ ማንም አይቶ አያውቅም። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ትወጣለህ አትወጣም?» አለ።

«ሂድ አንተ! እየተናገርኩ አይደለም እንዴ?» አለ ሰማው፤ ወደ እሷም ተመልሶ ካቆመበት ቀጠለ።

ከላይ አንዱ ጥቅሉን ወረወረለት። ባንቺዓለም ጥቅሉን ከአቧራው አንስታ ብብቷ ሥር አደረገችው፤ በዚህ ልጅ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። አይሱዙው ሄደ። ሁለቱ በእግራቸው ወደ ቤት ተነሱ፤ እሱ ፋሱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ስለ ነጠላ መስቀያው፣ ስለ ክንዱ ፀጉር፣ ስለ ውበቴ፣ ገና ሲያገባ ስለተናገረችው ነገር ሁሉ እየጮኸ። ባንቺዓለም ለአብዛኛው ደህና መልስ ነበራት። ቤታቸው እስኪደርሱ አንዱንም አልመለሰችለትም።